እንቆቅልሹን ከነመልሱ ለሰጣችሁን የፊልም ባለሙያዎች

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማርኛ ፊልም ደራሲያን፣ ዳይሬክተሮችና ፕሮዲውሰሮች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ጎበዝ ተዋንያን ተሰብስበውበት ገና ሳይጋመስ መጨረሻው ስለታወቀ የስለላ ፊልም

የተከበራችሁ የፊልም ባለሙያዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ የድራማ ክበቡን የምመራ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ቅዳሜ ከክበቡ ልጆች ጋር ገብተን ያየነው፣ ልብ አንጠልጣይ የተባለ የስለላ ፊልም ነው። የፊልሙን ስም ሆን ብዬ አልጠራሁም። ስሙን ብጠራ ነገሩ የአንድ ፊልም ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ቅሬታዬ ግን ከዚያ ይሰፋል። የሠራችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ያልሠራችሁትም በሌላ ርዕስ የሠራችሁትን እዚህ ውስጥ ታገኙታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

14 ሆነን ነበር የሄድነው፤ 13 ተማሪዎችና እኔ። ሦስቱ ልጆች ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የመጡ ናቸው። ትኬቱን የገዙት ከትራንስፖርታቸውና ከምሳቸው ቆጥበው ነው። ፖስተሩ ፒያሳ ከተለጠፈ ቀን ጀምሮ በክበባችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ልጆቹ በቴሌቪዥን ድራማ እያዩዋቸው ያደጉ አምስት ተዋንያን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዷን እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ፣ ቴሌቪዥን ቤታችን ሳይገባ፣ በሬዲዮ ድራማ ድምፃቸውን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «እነዚህ ሁሉ በአንድ ፊልም?» እያሉ ልጆቹ ሲደነቁ እኔም አብሬ ተደንቄአለሁ።

ከጎኔ የተቀመጠችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፊልሙ ጡረታ ወጥቶ ገጠር ውስጥ ንብ በሚያንብ ሰላይ ይጀምራል። ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ አሁን ሰው መጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ሥራ ሥራልን ይለዋል» አለችኝ። መጣና አለው። «እምቢ ይላል፤ ከዚያ የሚወደው ሰው ይሞትበትና እሺ ይላል።» እንዳለችው ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ብቅ ብሎ የሰላዩን ትከሻ ቸብ ሲያደርግ ደብተሯን አወጣች። በስልኳ መብራት አንድ መስመር ጻፈችና ወረቀቱን አጠፈችው። የልጁን ፎቶ በደረት ኪሱ ይዞ የሚዞረው ባልደረባ ሲመጣ ደግሞ ከኋላችን የተቀመጠ የማናውቀው ሰው ጮክ ብሎ «ይሄማ ሟች ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እውነትም ሞተ። ሲሞትም ፎቶው ከኪሱ ወደቀ፤ አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ያ ሳቅ አሳዘነኝ፤ ምክንያቱም የሚሞተውን ሰው የተጫወተው ልጅ ትንፋሹን፣ ዓይኑን፣ የጣቱን መንቀጥቀጥ ሳይቀር አሟልቶ ነበር የሞተው። ማንም አላየለትም።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ልጅቷ የታጠፈውን ወረቀት ገልጣ ሰጠችኝ። «ከዳተኛው አለቃው ነው። ምስጢሩ አለበት የተባለው ፍላሽም ባዶ ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ነበር። «ታዲያ ደስ አላለሽም?» አልኳት። «አይ ቲቸር፣ ወላሂ እንድሳሳት ፈልጌ ነበር» አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ መልሷ ነው።

ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት ሕጉ ግልጽ ነበር። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል። ቀጥሎ ፍንጩ ምንም ሳይሸራረፍ ይነገራል፤ ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ምንድን ነው? የሚደበቀው መልሱ ብቻ ነው። መላሹ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ጅማን ይሰጣል፤ ከዚያ ወንዝ ነው ተብሎ ሲነገረው «ውይ፣ እንዴት ጠፋኝ!» ብሎ ግንባሩን ይመታል። የስለላ ፊልም ደስታ በሙሉ ያለው እዚያች «እንዴት ጠፋኝ» ላይ ነው። መልሱ ፊት ለፊታችን ነበር፣ ስንት ጊዜ አልፈነው ሄደናል፣ አላየነውም። እናንተ ግን «እንቆቅልህ» ከማለታችሁ በፊት መልሱን ነገራችሁን። እኛ እኮ አገር ልንሰጣችሁ ተዘጋጅተን ነው የገባነው። ደሴን ከነጦሳ ተራራዋ ሰጥተናችሁ ብንወጣ ደስታችን ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳንገበገበኝ ነገር ልምጣ። ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ትዕይንት አለው። ቦታው የሰላዩ እናት ቤት ነው። እናቲቱን የሚጫወቱት ቅድም ያነሳኋቸው አንጋፋ ተዋናይት ናቸው። የልጃቸው ጓደኛ ነኝ ብሎ አንድ እንግዳ ይመጣል፤ እሳቸውም ቡና እያፈሉ ያጫውቱታል። አቦሉን ሊቀዱ ጀበናውን ከፍ አድርገው አዘነበሉ። ቀጭኗ የቡና ክር ከጀበናው አፍ እስከ ሲኒው ትወርዳለች። በዚህ መሀል እንግዳው ስለ ልጃቸው ሲያነሳ በቁልምጫ ስሙ ጠራው። እናቱ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠሩበት፣ ከቤት ውጭ ሰው የማያውቀው ስም ነው። ካሜራው እጃቸው ላይ ነበር። የቡናው ክር ቀጠነች። ፀጉር እስክታክል ቀጠነች፤ ግን አልተቆረጠችም። ከዚያ ተመልሳ ወፈረች፤ ሲኒው እስከ አፉ ሞላ፤ ረከቦቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ሲኒውን በሁለት እጃቸው አቀረቡለትና «ስኳር ታበዛለህ እንዴ ልጄ?» አሉት።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ፈንድሻ የሚቆረጥመው እንኳ ቆመ። ሁላችንም አውቀናል፤ እናትየው ነቅተውበታል፤ ሰውየው መንቃታቸውን አልነቃም። እሳቸው አሁን ይህን ሰው ሦስተኛው ስኒ እስኪያልቅ፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ፈገግ እያሉ ማስቀመጥ አለባቸው። ልጃቸው ደግሞ በማንኛዋም ደቂቃ በሩን ከፍቶ ሊገባ ይችላል። ሽጉጥ የለም፣ ኮምፒውተር የለም፤ አንዲት እናት፣ አንድ ጀበናና አንድ የቁልምጫ ስም ብቻ። በሕይወቴ ካየኋቸው የአማርኛ ፊልም ትዕይንቶች ሁሉ እንደዚህኛው ልቤን የሰቀለው አላስታውስም።

ከዚያ ማጀቢያ ሙዚቃው እንደ ነጋሪት ጮኸ። የሰውየው ፊት በቅርበት መጣ፤ ዓይኑን አጠበበ። ወዲያው ወደ ኋላ የሚመልስ ትዕይንት ገባና ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሠራ፣ የቁልምጫ ስሙን ከየት እንዳገኘው በተራኪ ድምፅ ተተነተነልን። ወደ እናትየው ቤት ስንመለስ ሰውየው ሄዷል፤ ሲኒዎቹ ታጥበዋል። ተዋናይቷን ከዚያ በኋላ ያየናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው።

መደበቅ የሚገባውን ገለጣችሁት፤ መታየት የሚገባውን ሸፈናችሁት። የቅሬታዬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ሌሎቹም ተዋንያን ላይ ያው ነው የደረሰው። መሪ ተዋናዩ በየገባበት ቤት ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበር ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ይህን ማንም አልነገረንም፤ ራሱ ነው በአቀማመጡ ያሳየን፣ ልጆቹም አይተውለት ነበር። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ፍቅረኛው «ለምንድን ነው ሁልጊዜ በር በር የምታየው?» አለችው። «ልማድ ነው፤ ስንት ዓመት ሰላይ ሆኜ...» አላት። አለቀ። ሰውየው በገላው የሠራውን በአፉ አፈረሰው። በኮሜዲ የምናውቀውና የምንወደው ሌላው ተዋናይ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኪቦርድ ከመምታትና «ገባሁ!» ከማለት ሌላ የተሰጠው ሥራ አልነበረም። ያ ሰው በአንድ የቅንድብ እንቅስቃሴ ሰውን ማሳቅ የሚችል ነው፤ ያንኑ ቅንድብ ማስፈሪያ ልታደርጉት ትችሉ ነበር።

«መጨረሻው መታወቁ ምን አለበት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በዚህስ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ ችግሩ እሱ አይደለም። የዓድዋን መጨረሻ የማያውቅ ተማሪ የለኝም። ሆኖም የባሻ አውዓሎምን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር የመውጫ ደወል ተደውሎ ልጆቹ ከወንበራቸው አይነሱም። ለጣሊያን የሚሰልል መስሎ ለምኒልክ የሚሠራው ሰው፣ የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል፣ ታሟል እያለ ለጣሊያን ጦር አዛዥ ለጄኔራል ባራቲየሪ የሐሰት ወሬ ሲያቀብል ልጆቹ የሚጠይቁኝ ማን እንዳሸነፈ አይደለም። «ቢጠረጥሩትስ? ዓይኑ ቢያሳብቅበትስ? ቤተሰቡስ?» ነው የሚሉኝ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለዳ የሆነውን በቃላቸው ይዘውታል። አውዓሎም ግን ያን ሌሊት በሆዱ ምን ይዞ እንዳደረ አያውቁም። ልብ የሚያንጠለጥለው ይኼ ነው። ሰውየው በየደቂቃው የሚመርጠው ነገር አለ፤ ቢሳሳት ደግሞ ይሞታል። በእናንተ ፊልም ውስጥ ግን አንድም የሚመርጥ ሰው አላየሁም። ሁሉም በተቀመጠለት ሐዲድ ላይ ይሄዳል። እኛም ሐዲዱን ስለምናየው ባቡሩን ቀድመነው እንደርሳለን።

አልፍሬድ ሂችኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ዳይሬክተር የሰጠውን አንድ ምሳሌ በየዓመቱ ለክበቡ ልጆች እነግራቸዋለሁ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቦምቡ ቢፈነዳ የ15 ሴኮንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት ለተመልካቹ አስቀድመው ከነገሩት ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ነገር መግለጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለማን፣ መቼ፣ ምኑ እንደሚገለጥ ማወቅ ነው ሙያው። የቡናው ትዕይንት ይህንን ሕግ ጠብቆ ነበር የተጀመረው። ቀዩ ሽቦ 3 ሴኮንድ ሲቀረው የሚቆረጥበት የመጨረሻው ትዕይንት ግን ምንም አልገለጠልንም፣ ምንም አልደበቀንም፤ ሽቦው እንደሚቆረጥ ሁላችንም ስለምናውቅ ልጆቹ ጃኬታቸውን እየለበሱ ነበር።

ስለ ከዳተኛው አለቃም አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ገና ሲገባ ማጀቢያው ይወፍራል፣ ጥቁር መነጽሩን ቀስ ብሎ ያወልቃል፣ ንግግሩ ሁሉ ሁለት ትርጉም አለው። በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው እንዲህ አይደለም። ለሶቪየት ኅብረት ይሰልል የነበረው እንግሊዛዊው ኪም ፊልቢ የእንግሊዝ የውጭ ስለላ ድርጅት ውስጥ ሶቪየትን የሚከታተለውን ክፍል እስከመምራት የደረሰ ሰው ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ከቤይሩት ወደ ሶቪየት ከመኮብለሉ በፊት ለዓመታት የተሟገቱለት የገዛ ጓደኞቹ ነበሩ። ይወዱት ስለነበር ነው ያላዩት። እናንተም ያንን አለቃ አስቀድማችሁ ብታስወድዱን ኖሮ ልጅቷ ደብተሯን አታወጣም ነበር። የተጫወተውም ተዋናይ እኮ ሰው መውደድና ማስወደድ የሚችል ነው፤ በሌሎች ሥራዎቹ አይተነዋል።

ወደ እኛ ከተሞች ልምጣ። ፊልሙ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተቀርጿል፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ጦሳ ተራራ በጠዋት ጉም ተሸፍኖ ከላይ በድሮን ሲታይ ልጆቹ አጨብጭበዋል። አገሩን በትልቅ ሸራ ላይ ማየት ለአንድ የደሴ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የመኪና ማሳደድ ከፋን። ሰላዩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየሸሸ ነው ተብሏል፤ መኪናው ግን ሐረጎን ሽቅብ ይወጣል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ከኮምቦልቻ የመጡት ሦስት ልጆች ጨለማው ውስጥ ተያዩ። ስህተቱን ያነሳሁት ለማሳጣት ብዬ አይደለም። ቦታውን ብታውቁት ኖሮ ከዚያ የተሻለ ትዕይንት ራሱ መንገዱ ይሰጣችሁ ነበር ለማለት ነው። ሐረጎ ላይ ማንም በፍጥነት አይነዳም። ጭነት የያዘ የጭነት መኪና ከፊትህ በማርሽ ያቃስታል፤ ጉሙ ወርዷል፤ ኩርባው ከኋላው ያለውን አያሳይም፤ መቅደም አይቻልም፤ የሚያሳድድህ ሰው ደግሞ ከኋላህ በሁለተኛው መኪና ውስጥ ነው፣ እሱም መቅደም አልቻለም። ሁለታችሁም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየተጓዛችሁ ነው። አሳዳጅህ መስኮት ከፍቶ ቆሎ የምትሸጠዋን ልጅ ያናግራታል። ይህን ያየ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚወርደው። ነዳጅ እንጂ ፈንጂ አያስፈልገውም።

ይህች ከተማ ስለላን ከፊልም አልተማረችም። ከወረራው በፊት ጣሊያን እዚህ ደሴ ቆንስላ ነበራት፤ በሰሜን የነበሩት ቆንስላዎቿ መኳንንቱን ሲያባብሉና ወሬ ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ለቆንስላው ወተት ታመላልስ የነበረች ሴት፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ጸሐፊ፣ በቅሎ የሚጭን ነጋዴ ምን ያውቁ ነበር? ለማን ነገሩት? ከዚያም በፊት ገዢዎቻችን የሕዝቡን ሆድ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ወሬ አነፍናፊውን «ጆሮ ጠቢ» ብሎ የሰየመ ቋንቋ አለን። ይህ ሁሉ በእጃችን እያለ ፊልሙ ውስጥ ያለው ምስጢር አንድ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ፍላሹ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ እስከመጨረሻው አልተነገረንም፤ ባዶ ሆኖ ሲገኝም ማንም አልደነገጠም።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ የደራሲውን ስም ለማየት ተቀምጬ ቀረሁ። ድርሰት፣ ዝግጅትና ፕሮዳክሽን ተብሎ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ለዚያ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ሦስት ሰው የሚሸከመውን ብቻውን ተሸክሟል፣ ገንዘቡንም ከየት እንዳመጣው እሱና እግዜር ያውቃሉ። ግን «ይሄ አልሆነም» የሚለው ሰው ማን ነበር? ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያደምጣል፣ ያርማል፣ ካልሆነም ያፈርሰዋል። ተማሪው አይቀየምም፤ በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ለአንዲት ጉባኤ ቃና፣ ለሁለት መስመር ግጥም፣ ይህን ያህል ጥንቃቄ የለመደ ሕዝብ ለሁለት ሰዓት ፊልም አንድ አዳማጭ እንዴት ያጣል?

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ወጪውም ወረቀት ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ሲያልቅ፣ ካሜራ ሳትከራዩ፣ ተዋናይ ሳትዋዋሉ፣ ለማታውቋቸው ሰዎች አንብቡላቸው። እኛ ክበብ ውስጥ እንዲህ ነው የምናደርገው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ይነበቡና ድንገት ይቆማል። እያንዳንዱ ልጅ ቀጥሎ የሚሆነውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አጥፎ ይሰጣል። ወረቀቶቹ ሲከፈቱ አብዛኛው ተመሳሳይ ግምት ከሆነ፣ ግምቱም ልክ ከሆነ፣ ጸሐፊው ይዞት ይመለሳል። ያለቀሱ ልጆች አሉ፤ ሲመለሱ ግን የተሻለ ይዘው ነው የመጡት። የእናንተን ስክሪፕት ደሴ ድረስ አምጡልን። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍላችን ክፍት ነው፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን፤ የሰማነውን ከክፍሉ አናወጣም። የምትከፍሉን ነገር አይኖርም።

ተዋንያንም ይህን ደብዳቤ ብታነቡት አንድ ቃል አለኝ። እናንተ ስትመጡ ነው እኛ የምንመጣው፤ ፖስተሩ ላይ ያለው የእናንተ ፊት ነው። ጽሑፉ ሲሰጣችሁ «ይህች ሴት ከቡናው በኋላ የት ሄደች?» ብላችሁ ጠይቁልን። እናንተ ስትጠይቁ የሚሰማችሁ አለ።

«ገበያው የሚፈልገው ይህንን ነው» ስትሉ እሰማለሁ። ገበያው የሳቀበትንና ጸጥ ያለበትን ቦታ እኔ እዚያው ተቀምጬ አይቻለሁ። መኪናው ሲፈነዳ ስልካቸውን የሚነካኩ ነበሩ። የቡናው ክር ስትቀጥን አንድም ስልክ አልበራም። የትኛው የበለጠ ገንዘብ እንደወጣበት ደግሞ ከእኔ እናንተ ታውቃላችሁ።

ደብተር ስለያዘችው ተማሪዬ ነግሬያችሁ ልጨርስ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተማችን ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ይህች ልጅ ገና ትንሽ ነበረች። ስልክ ተቋርጧል፣ መብራት የለም። እናቷ የታላቅ ወንድሟን መታወቂያና ስልክ በፌስታል ጠቅልላ ዱቄት ማስቀመጫው ሥር ቀበረችው። በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። የመጣችው ዘመናቸውን ሁሉ ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤት ናት፤ ዱቄት ልትበደር ነው የመጣችው። በዚያ ሰሞን ሰው ሰውን ይፈራ ስለነበር እናትየው ጎረቤቷ የመጣችው ለዱቄቱ ይሁን ለሌላ ነገር ማወቅ አልቻለችም። የለኝም ብትል ነገ ጠዋት እንጀራ ስትጋግር ጭሱ ይታያል። አለኝ ብትል ክዳኑን መክፈት አለባት።

ልጅቷ ይህንን አሁን አጭር ስክሪፕት አድርጋ እየጻፈችው ነው። የዚያን ቀን የሆነውን እሷ ታውቃለች፤ ለክበቡ ግን አልነገረችም፣ ጽሑፉ ላይም ሌላ መጨረሻ እየፈለገች ነው። ባለፈው ሳምንት እስከ ገጽ 3 አነበበችልን። ጎረቤትየዋ ሰፌዷን ዘርግታ ቆማለች፤ እናትየው እጇ ክዳኑ ላይ ነው። እዚያ ላይ አቆመችና ቁራጭ ወረቀት አደለችን። ስንከፍተው አንዱ የጻፈው ከሌላው ጋር የሚገጥም አልነበረም፤ እሷም ሁሉንም አንብባ «አይደለም» ብላ ደብተሯን ከደነች።

ከአክብሮት ጋር፣
የአማርኛ መምህርትና የድራማ ክበብ ኃላፊ
ደሴ